የእማማ ቆርቆሮ አስተርጓሚ

ስልኬ የጮኸው ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሜ ለስድስት ጎብኚዎች ስለ ዓለቱ ሳብራራ ነበር። ሚስቴ ናት። «እትዬ ደብሬ አረፉ» አለችኝና ዝም አለች። ሚስቴ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ዝም ያለችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንደኛው በሠርጋችን ቀን «ትወጂዋለሽ ወይ?» ተብላ ስትጠየቅ ነው። ስለዚህ ነገሩ እውነት መሆኑን ወዲያው አወቅሁ።

ጎብኚዎቹ እንባዬን አይተው ለንጉሥ ላሊበላ የማለቅስ መሰላቸው። አንዲት አሮጊት ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «ይህ ሁሉ ዘመን አልፎም ታዝናላችሁ?» አለችኝ። «አዎ፣ እኛ ቶሎ አይወጣልንም» አልኳት። ምን ልበላት? ሹሩባ ሠሪ ጎረቤቴ፣ የላሊበላ ብቸኛዋ የጠፈር ድራማ አስተርጓሚ ሞቱብኝ ብላት፣ በያዘችው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ፈልጋ አታገኛቸውም።

እኔ አስጎብኚ ነኝ፤ ማጋነን የሙያዬ ጨው ነው። አንድ ክንድ የሆነውን ጉድጓድ አሥር ክንድ ነው እያልኩ ልጆች አሳድጌአለሁ። ስለ እትዬ ደብሬ ስጽፍ የቸገረኝ ግን ተቃራኒው ነው፤ እንዳለ ብጽፈው አጋነነ ትሉኛላችሁ። እንግዲህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነስ እያደረግሁ ልጽፍ ነው።

የእሳቸውን ግቢ ከእኛ የሚለየው አንድ አጥር ነበር። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሹሩባ ይሠሩባታል፣ ከመጋረጃው ወዲያ ይኖሩባታል። ጣሪያው ላይ ከቤቱ የሚበልጥ ዲሽ ተተክሏል። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ዲሹ ቤቱን አንጠልጥሎ አሸተን ማርያም ተራራ ላይ ያወጣዋል ብለን እንሰጋ ነበር። እሳቸው አጭር ናቸው፤ ጣታቸው ግን ከቁመታቸው ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ሆኖ ጣታቸው ብቻውን መቶ ጉንጉን ያወርዳል። ሚዶውን የገዛ ጸጉራቸው ላይ ሰክተው «ሚዶዬን ማን ወሰደው?» ብለው ቤቱን ያምሱታል።

ሲሠሩ ደግሞ ጥብቅ አድርገው ነው። ከእጃቸው የወጣች ሴት ቅንድቧ ወደ ላይ ስለሚሳብ ለሦስት ቀን የተገረመች ትመስላለች። በሰንበት ደንበኞቻቸው ቤተ ክርስቲያን ተሰልፈው ሲቆሙ ሁሉም በስብከቱ የተደነቁ ስለሚመስሉ፣ ሰባኪው ከሌላው ምእመን አብልጦ ይወዳቸው ነበር ይባላል።

እኔ በዚያች ክፍል ቋሚ ተመልካች የሆንኩት ጎብኚ ከከተማችን በጠፋበት ዘመን ነው። መጀመሪያ በበሽታው፣ ቀጥሎ በጦርነቱ። እኛ አስጎብኚዎች ሥራ ከመፍታታችን የተነሣ እርስ በርሳችን መጎብኘት ጀምረን ነበር። እሑድ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዐረብ አገር ቻናሎች በአንዱ የጠፈር ድራማ ይመጣል። ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው፤ ዐረብኛው ከሥር እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይሄዳል። ክፍሏን ከሚሞላው ደንበኛና ጎረቤት ሁሉ እንግሊዝኛ የምሰማ እኔ ብቻ ነኝ። ዐረብኛውን የሚያነብ ማንም የለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ምድር ትደክማለች፤ ሰዎች ሌላ ዓለም ፍለጋ በአንድ ግዙፍ መርከብ ወደ ከዋክብት ይጓዛሉ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ መንገደኛው ሁሉ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ይተኛል፤ ሲደርስ ይነቃል። አንዲት ሴት ጨቅላዋን በልብስ ሻንጣ ደብቃ ትሳፈራለች። እሷን በረዶ ውስጥ ያስተኟታል፤ ሕፃኗ ሻንጣ ውስጥ ታለቅሳለች። ለቅሶውን የምትሰማው ቧንቧ እየጠገነች በመርከቡ ውስጥ የምትዞር አንዲት ማሽን ናት። ማሽኗ ስለ ቧንቧ እንጂ ስለ ልጅ የምታውቀው ነገር የለም። ግን ታነሣታለች። ታሳድጋታለችም።

እትዬ ደብሬ ማሽኗን «እማማ ቆርቆሮ» አሏት፤ ልጅቷን «ማሚት» አሏት። ከዚያ በኋላ ፈረንጆቹ ያወጡላቸውን ስም የጠራ ሰው የለም።

መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት አልረሳውም። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ መርከቡ ራሱ በወፍራም የወንድ ድምፅ ይለፈልፋል። ጭንቅላቷ በእትዬ ደብሬ ጉልበቶች መካከል የተያዘ አንዲት ደንበኛ «እትዬ፣ ምን እያለ ነው?» አለች።

«‹ልጅቷ በልታለች ወይ?› እያለ ነው።»

መርከቡ ያለው «ነዳጁ ወደ ሲሶ ወርዷል» ነው። አላስቻለኝም። «ኧረ እትዬ፣ ስለ ነዳጅ ነው እኮ የሚያወራው!» አልኩ።

ዞረውም አላዩኝ። «ነዳጁን ለምን ፈለገው? ልጅቷን ሊያደርስበት አይደለም? ያው ነው።»

«አንቱ ደግሞ እንግሊዝኛ የት ተማሩ?»

«እንግሊዝኛ አልሰማም። ሕፃን ሲያለቅስ ቃል ሰምተህ ነው የምታውቀው? ፊቱን አይተህ ነው እንጂ።»

«እማማ ቆርቆሮ ፊት የላትም እኮ! ቱቦ ናት!»

«እጅ አላት» አሉ እትዬ ደብሬ። «እጇን እይ።»

አየሁ። እማማ ቆርቆሮ ቧንቧ በምታጠብቅበት ብረት ጣቷ የልጅቷን ብርድ ልብስ ወደ አገጯ እየሳበች ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእንግሊዝኛ ሊቅነቴን ደጅ፣ ጫማዬ አጠገብ እያስቀመጥኩ መግባት ጀመርኩ።

መብራት ሲጠፋ እንኳ ትርጉሙ አይጠፋም። ቴሌቪዥኑ ድርግም ሲል ሌላው «ወይኔ!» ይላል፤ እሳቸው እየጎነጎኑ ይቀጥላሉ። አንድ እሑድ መብራት አንድ ሰዓት ሙሉ ጠፍቶ ሲመለስ፣ እትዬ ደብሬ ማሚትን ከሕመሟ አድነው፣ አጥበው፣ ትምህርት ቤት አስገብተዋት ነበር። ቴሌቪዥኑ ገና ሕመሟ ላይ ነው። «ወደ ኋላ ቀርቷል» አሉ፤ «ይደርስብናል።»

ቀጥሎ ያሉት ጎረቤታችን መሪጌታ ሰው ከዋክብት ላይ ይሰፍራል የሚለውን ነገር አልወደዱትም። በመሆኑም አይገቡም፤ «እንዲያው ሳልፍ ነው» እያሉ በር ላይ ይቆማሉ። በር ላይ እንደቆሙ አንድ ክፍል ሳያመልጣቸው ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ከበሩ ላይ «ደብሪቱ፣ ነፍስ የሌላት ፍጡር እንዴት እናት ትባላለች?» ብለው ፈተና አመጡ።

«መሪጌታ፣ ልጅቷ ብርድ ሲይዛት ተነሥታ አልብሳታለች ወይስ አላለበሰቻትም?»

«እሱማ አልብሳታለች።»

«አልቅሳ ስትነሣ አባብላታለች?»

«አባብላታለች።»

«እንግዲያው የጎደለውን እግዜር ይሙላላት። አንቱ ደግሞ ይግቡና ይቀመጡ፤ ብርሃኑን ጋረዱን።»

መሪጌታ አልገቡም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ጎን ሸርተት ብለው መቆም ጀመሩ።

ይህን ሁሉ ቀልድ እየሰማች ጥግ ላይ የምታድግ አንዲት ልጅ ነበረች። መቅደስ ትባላለች። ስለ እትዬ ደብሬ ማውራት ማለት ስለ እሷ ማውራት ነው።

መቅደስን የወለደቻት ሀብታም ናት። ስሟ ነው እንጂ ኑሮዋ ያንን ስም ሰምቶት አያውቅም። ከዋድላ፣ ከኮን መጥታ በእትዬ ደብሬ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ልጅቷ ስምንት ወር ሲሆናት ሀብታም ዐረብ አገር ልትሄድ ተነሣች። «ሁለት ዓመት ብቻ፣ እትዬ» አለች። የዐረብ አገር ሁለት ዓመት እንዴት እንደሚቆጠር የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አሥር ሆነ።

ሀብታም በሄደች ማግስት ሕፃኗ ጡጦ አልይዝ አለች። የላም ወተት፣ የፍየል ወተት፣ የሱቅ ዱቄት፣ ሁሉንም ተፋች። ለቅሶዋ አጥር ዘልሎ እኛ ቤት፣ ከእኛ ቤት ዘልሎ ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር። በሦስተኛው ቀን እትዬ ደብሬ መሪጌታንና እኔን ጠሩን። ማር ያለበት ስኒ ይዘዋል። «ምስክር ሁኑ» አሉና አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ሕፃኗን አጠቧት። በአገራችን በዚህ ዓይነት የተያዘ ልጅ የጡት ልጅ ይባላል፤ ካልወለዱት ሰው ጋር እስከ ዕድሜ ልክ የሚዛመዱበት መንገድ ነው። እትዬ ደብሬ ወልደው አያውቁም ነበር። ሕፃኗ ጣታቸውን ይዛ ዝም አለች። ማሩን ጨርሳም አልለቀቀችውም። መሪጌታ ዞር ብለው አፍንጫቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ፤ ብትጠይቋቸው ጉንፋን ነበር ይላሉ።

መቅደስ እትዬ ደብሬን «እማዬ» ትላቸዋለች። ሀብታምን ደግሞ «የስልኳ እማዬ»። ሀብታምን የምታውቃት በስልክ መስታወት ላይ ነውና። ኔትወርክ ሲኖር ፊቷ ይመጣል፤ ሲደክም ፊቷ አፉን እንደከፈተ ቀጥ ይላል። ኔትወርኩ ጭራሽ የጠፋበት ጊዜም ነበር፣ ከዓመት በላይ። ፈረንጆቹ በበረዶ ያስተኟትን እናት በልባቸው ፈጥረው ይሆናል፤ እኛ ግን አጠገባችን ነበረችን።

ደንበኞቹ የበረዶዋን እናት አይወዷትም ነበር። «ልጇን ለቆርቆሮ ጥላ ታንኮራፋለች!» ይላሉ። እትዬ ደብሬ ይህን ሲሰሙ የያዙትን ጸጉር ሳብ ያደርጉታል። «አልተኛችም! አስተኟት ነው የሚባለው።» እኔ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ሌላ የማይታየኝ ድርቅ፣ ይህችን ሴት ለምን እንዲህ እንደሚከላከሉላት ግራ ይገባኝ ነበር።

የገባኝ አንድ እሑድ ነው። ድራማው ወደ ኋላ ተመልሶ ሴትየዋ መርከቡ ላይ ስትመዘገብ አሳየ። ልጅ ያላት ሴት አትሳፈርም ተብሏል። መዝጋቢው «ልጅ አለሽ?» አላት። ሴትየዋ ዓይኗን ሳትሰብር «የለኝም» አለች።

«ምን አለች፣ እትዬ?»

«‹ልጄን አደራ› አለች።»

አሁን ግን ቀልዱ አለፈ መሰለኝ። «ኧረ እትዬ! ‹ልጅ የለኝም› እኮ ነው ያለች...»

ሚዶው አየር ላይ በርሮ ግንባሬን አገኘው። ላሊበላን ያህል ዓለት የፈለፈለ መሮ እንኳ እንደዚያ አነጣጥሮ አልተወረወረም። «ጆሮህን ታከም!» አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁብኝ። መቅደስም ሳቀች።

ሲበተን እትዬ ደብሬ ደጅ ድረስ ተከትለውኝ ወጡ። ግንባሬን አዩት። «አመመህ?»

«አሞኛል። ልክ ነበርኩ እኮ፣ እትዬ።»

«ልክ እንደሆንክ አውቃለሁ። አፏን አየሁት፤ ‹የለኝም› የሚል አፍ በየትም አገር አንድ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሀብታምም እንዲያ ብላ ነው የሄደችው። ደላላው ‹ልጅ አለኝ ካልሽ አይወስዱሽም› ሲላት እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ ‹የለኝም በያቸው› ያልኳት እኔ ነኝ። ቃሉን ያስጠናኋት እኔ ነኝ፤ ‹የለኝም፣ የለኝም› እያልን። መቅደስ ይህን በአማርኛም በእንግሊዝኛም መስማት የለባትም። ገባህ?»

ገባኝ። እትዬ ደብሬ ሁለት ዓመት ሙሉ ድራማ እየተረጎሙልን አልነበረም። ጥግ ላይ ለተቀመጠች ልጅ፣ የማታውቃትን እናቷን በየሳምንቱ አንድ ክር አንድ ክር እየጎነጎኑላት ነበር።

ሀብታም የመጣችው በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ነው። ያን ዕለት ድራማው የሚያልቅበት ቀን ስለነበር ክፍሏ ጢም ብላ ሞልታለች። መሪጌታ በር ላይ ናቸው። መቅደስ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጃገረድ ሆናለች፣ እትዬ ደብሬ ጉልበት መካከል ተቀምጣ ጸጉሯ ግማሽ በግማሽ ተሠርቷል፤ ቀኙ ተጎንጉኗል፣ ግራው ገና ጎፍሯል። መሪጌታ በድንገት ከበሩ ዘወር አሉ። ሻንጣ የያዘች፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት ገባች። መተርጎም አላስፈለገም። መቅደስ ቀና ብላ አይታት ወደ እትዬ ደብሬ ጉልበት ተጠጋችና በሹክሹክታ፣ ግን ሁላችንም በሰማነው ሹክሹክታ፣ «ከስልኩ ትረዝማለች» አለች።

ለምን እንደመጣች ሁላችንም እናውቅ ነበር። ኮምቦልቻ ቤት ተከራይታለች፤ ልጇን ልትወስድ ነው። እትዬ ደብሬ ተነሥተው ሳሟት፣ አገላብጠው ሳሟት፤ ከዚያ በርጩማ አቀረቡላትና ተመልሰው ሚዶአቸውን አነሡ። ሌላ ቀን ቢሆን ቴሌቪዥኑ ይጠፋ ነበር። ያን ዕለት ግን ማንም ምን ማለት እንዳለበት ስላላወቀ ሁሉም ቴሌቪዥኑን አየ።

በመከራችን ላይ ድራማው ራሱ አሾፈብን። መርከቡ ደረሰ። በረዶው ቀለጠ፤ እናትየዋ ነቃች። ለእሷ ያለፈው አንዲት ሌሊት ናት፤ ማሚት ግን አድጋለች። እናትየዋ እጇን ዘርግታ ቀረበች። ማሚት ወደ ኋላ ሸሸችና የእማማ ቆርቆሮን ክንድ ይዛ ተናገረች። የተናገረችውን ሰማሁት።

ከዚያ አንዷ ሞኝ ከልማዷ የተነሣ «እትዬ፣ ምን አለች?» አለች።

እትዬ ደብሬ ጣታቸው ቆመ። በዚያች ክፍል ጣታቸው ሲቆም አይቼ አላውቅም። ከዚያ ድምፃቸው ሳይናወጥ «‹እማዬ፣ ቆየሽብኝ። እንኳን ነቃሽልኝ› አለቻት» አሉ።

«እንዲያ አላለችም፣ እትዬ።»

የተናገረችው ሀብታም ናት። ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። «ከሥር ተጽፏል» አለች። «‹እናቴ ይህቺ ናት። አንቺን አላውቅሽም› ነው ያለቻት።»

ለካ ያንን የዐረብኛ ጉንዳን የሚያነብ ሰው መጥቶብን ኖሯል! እትዬ ደብሬ ግን ቀና ብለው ቴሌቪዥኑን ገላመጡት።

«እንግዲያው የጻፈው ሰውዬ ተሳስቷል» አሉ።

«አልተሳሳተም፣ እትዬ» አለች ሀብታም። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር። «እዚያ ሁለት ልጆች አሳድጌአለሁ። ትንሹን የተቀበልኩት በተወለደ በሰባተኛው ቀን ነው። ‹ማማ› ነበር የሚለኝ። ማንበብ የቻልኩትም ከእሱ ደብተር ነው፣ የቤት ሥራ ሳሠራው። ልመጣ የተነሣሁ ቀን ቀሚሴን ይዞ አልለቅም አለ። እናቱ ጣቱን አንድ ባንድ አላቀቀችው።» መቅደስን አየቻት። መቅደስ የእትዬ ደብሬን ነጠላ ጫፍ በጡጫዋ ይዛ ነበር። «እኔ ያንን ላደርግ አልመጣሁም። ይቅር። እዚሁ ትኑር።»

«ይቅር አትበይ!» አሉ እትዬ ደብሬ። «አሥር ዓመት ‹ትመጣለች› ስላት ኖሬ ስትመጪ ነው ይቅር የምትይ? ትወስጃታለሽ።»

«አልወስዳትም።»

«ትወስጃታለሽ ብያለሁ!»

«ቆይ፣ እኔን የሚጠይቀኝ የለም እንዴ?» አለች መቅደስ።

«ዝም በይ፣ ጭንቅላትሽን ቀና አድርጊ!» አሏት፤ ሁለቱም፣ በአንድ አፍ። ክፍሉ ሳቀ። መሪጌታ እንኳ ሳቁ፤ ሲስቁ በስሕተት ወደ ውስጥ ገቡ።

እትዬ ደብሬ ከበርጩማቸው ተነሡ። እዚያ በርጩማ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አያውቅም። «ነይ፣ ተቀመጪ» አሏት ሀብታምን። «ግማሹን ሠርቻለሁ። ግማሹ ያንቺ ነው።»

«እትዬ፣ ረስቼዋለሁ። አሥር ዓመት ሹሩባ ነክቼ አላውቅም።»

«ትማሪያለሻ! ሹሩባ የማትሠሪ ከሆነማ ልጄን አልሰጥሽም።» ሚዶውን አቀበሏት። «ልጅሽን» አሉ፣ አርመው።

ሀብታም ተቀመጠች። ያንን የጎፈረ ግማሽ ያዘች። ሲመሽ ውጤቱን አየነው። በቀኝ በኩል የእትዬ ደብሬ ጉንጉን በክር የተሰመረ ይመስላል። በግራ በኩል ያለው ከኮን ፍላቂት የሚወስድ አሮጌ የእግር መንገድ ነበር፤ ይሄዳል፣ ይጠፋል፣ ከወንዝ ማዶ እንደገና ይጀምራል። መቅደስ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ጭንቅላት ትምህርት ቤት ሄደች። የሳቀባት ልጅ ካለ እኔ አልሰማሁም፤ የመታችው ግን ሁለት ነው ተብሏል።

ሀብታም እስከ ሰኔ፣ ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ ቆየች። በየሳምንቱ የሠራችውን እትዬ ደብሬ ይፈቱታል፤ «አልሆነም፣ ድገሚ» ይላሉ። በግንቦት እኔ እንኳ ደህና ሆኗል ባይ ነበርኩ። «እትዬ፣ ይህችን ምስኪን ምን ያህል ያሠቃዩአታል? ከአልባሶ ሹሩባ በላይ ምን ሊያሠሯት ነው?» አልኳቸው።

«ሹሩባው በሁለተኛው ሳምንት ሆኗል» አሉኝ።

«ታዲያ?»

«ልጅት ከማታውቀው ሰው ጋር ከምትሄድ ከምታውቀው ጋር ብትሄድ አይሻልም? መተዋወቅ ደግሞ ‹ተዋወቁ› ስላሏቸው አይመጣም። ሹሩባ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ጭንቅላትህን ሰው ጉልበት ላይ ጥለህ ሦስት ሰዓት መኮራረፍ አትችልም። ብዙ ሴት ሠርቻለሁ፤ አንዷም አልቻለችም።»

የድራማውን እውነተኛ መጨረሻ የምናውቀው እኔና ሀብታም ብቻ ነን። የሚያሳዝን ነው፤ አልነግራችሁም። ግማሹ ላሊበላ ግን እስከ ዛሬ ድረስ እማማ ቆርቆሮና እናትየዋ አዲሱ ዓለም ላይ ጎን ለጎን ቤት ሠርተው ማሚትን በጋራ እንዳሳደጓት ያውቃል። መሪጌታም ያንኑ ነው የሚናገሩት። ትርጉሙን የሰማ ሰው ድርሰቱን አይፈልገውም።

ለቀብራቸው መቅደስና ሀብታም ከኮምቦልቻ መጡ። መቅደስ አሁን ከእናቷ ትረዝማለች። ማን ከማን አጠገብ ይቁም የሚል ወግ ነበር፤ «የሟች ልጅ ወደዚህ ትምጣ» ሲባል ሁለቱም ሄዱ፤ መሪጌታ ሀብታምን አይተው ቦታ ለቀቁላት። ለእኔ ግን እትዬ ደብሬ ማለት ከዚያ ሁሉ በላይ የሽኝቱ ጠዋት ናቸው።

መናኸሪያው ጭቃ ነበር። የወልድያው ሚኒባስ ሞልቷል፤ መቅደስ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ወዲያኛው መስኮት አዙራለች። አላለቀሰችም፤ እትዬ ደብሬም አላለቀሱም። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ሀብታምን በመስኮት ይዘው ያዝዟት ነበር፤ እሷም ስልኳ ላይ ትጽፋለች።

«ሽንኩርት ካየች አትበላም፤ ደቅቆ ከገባ አታውቅም። ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«ነጎድጓድ ትፈራለች። ብትጠይቂያት አልፈራሁም ነው የምትል፤ እንዲያው አጠገቧ ሁኚ። ጥርሴን አመመኝ ካለች የሒሳብ ፈተና አለ። አናቷ ላይ በግራ በኩል ጠባሳ አለ፤ እዚያ ጋ ስትጎነጉኚ አታጥብቂ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። «እማማ፣ ጨረሱ?»

«አልጨረስኩም!» አሉ፤ ሚኒባሱን በቁጣቸው ብቻ አቆሙት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተጠጉና፣ ኋላ ያለችው እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ ሻንጣውን ይዤ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

«በእንቅልፏ ትጣራለች። ‹እማዬ› ነው የምትል። ‹አቤት› በያት፤ ወዲያው ትተኛለች። የትኛዋን ነው ብለሽ ግን አትጠይቂያት።»

ሀብታም ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ይህን አልጻፈችውም።